በአንድ ወር የተጨረሰው ልብ ወለድ

ለወንድሜ፤

እንደምን ከረምክ ልበልህ ወይስ እንደምን ኖርክ? የቱ እንደሚሻል አላውቅም። በሕይወት መኖርህን፣ ጤናህ ደህና መሆኑን፣ ብየዳው ዓይንህን ቢያደክመውም ክንድህ እንዳልከዳህ በገዛ እጅህ ጽፈህ ስላየሁ ፈጣሪን አመስግኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤን ያመኛል፤ መነጽሬ ወፍሯል፤ ከዚህ ሌላ ያው ጋዜጣ ቤት፣ ያው ጠረጴዛ፣ ያው የአደጋና የፍርድ ቤት ገጽ ላይ ነኝ።

ደብዳቤህን ያቀበለኝ የመሥሪያ ቤታችን በር ጠባቂ ነው። የላኪውን ስም ጮክ ብሎ አነበበና፣ «እትዬ፣ ይሄ መጽሐፍሽ ላይ የሞተው ሰውዬ አይደለም እንዴ? ወዲያኛው ዓለምም ፖስታ ቤት ተከፈተ ማለት ነው?» አለኝ። መቀለዱ ነበር። እኔ ግን እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ደንግጦ ውሃ አመጣልኝ። ፖስታው ላይ ያለው ወደ ግራ የሚያጋድል ፊደል ያንተ መሆኑን እያወቅሁ፣ ለመቅደድ ፈርቼ ብዙ ቆየሁ።

ያን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም እንዳልክ የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። እስር ላይ እያለህ መጻፍ አልተፈቀደልህም፤ ከወጣህ በኋላ ደግሞ ባዶ እጅህን ስለነበርክ አፈርክ። ይገባኛል። አልወቅስህም፤ ለመውቀስም የሚያበቃ አፍ የለኝም።

መጽሐፉን በሥራ ባልደረባህ እጅ አይተህ፣ ስምህን፣ ሰፈራችንን፣ ሰማያዊውን በራችንን አንብበህ፣ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሞተህ ስታገኘው እንባህ እስኪመጣ መሳቅህን ነግረኸኛል። «እህቴ ለካ እንዲህ ቂም ይዘሽብኝ ኖሯል? መግደሉንስ ግደዪኝ፣ ግን ምን አለበት ደህና ጫማ አድርገሽልኝ ብትገድዪኝ!» ብለሃል። ቀልድህ አልተለወጠም። ከዚያ ዝቅ ብለህ ደግሞ፣ «እማዬስ ስታነበው ምን አለች?» ብለህ ጠየቅኸኝ።

ይህ ደብዳቤ ለዚያች ጥያቄ መልስ ነው። በአጭሩ መመለስ አልቻልኩበትም። ሥራ ላይ ከሆንክ እጠፈውና ቤትህ ስትገባ ተቀምጠህ አንብበው።

አንተ ከሄድክና ወሬህ ከጠፋ በኋላ፣ እሁድ እሁድ ጠዋት ጥቂት መጻፍ ጀምሬ ነበር። አንዲት እናት ልጇን ስትጠብቅ የሚያሳይ ልብ ወለድ ነው። ሌላ ስም ሰጥቼህ ነበር፤ እማዬንም የዳቦ ቤት ባለቤት አድርጌያት ነበር። አንዳንድ እሁድ አንድ ገጽ ይወጣኛል፣ አንዳንዴ የቀድሞውን ገጽ ሰርዤ እነሳለሁ። ማለቂያ አልነበረውም፤ የልጁ መጨረሻ ስለማይታወቅ የመጽሐፉም መጨረሻ አይታወቅም። ይህ ቅር አሰኝቶኝ አያውቅም። እንዲያውም እየጻፍኩት እስካለሁ ድረስ አንተ የሆነ ቦታ ተቀምጠህ ምሳህን የምትበላ ይመስለኝ ነበር።

እማዬም ታውቃለች። ምን እንደምጽፍ ጠይቃኝ አታውቅም፤ በሩን ገርበብ ታደርግና፣ «ዛሬስ የት ደረሰ?» ትላለች። «ገና መንገድ ላይ ነው» እላታለሁ። «ይሁን፣ ይምጣ ቀስ ብሎ» ብላ ትዘጋዋለች። የቤታችን ቀልድ ይኸው ነበር። የደም ግፊቷን ኪኒን ስትውጥም፣ «ሲመጣ ቆሜ ልቀበለው» እያለች ነው የምትውጠው።

አምና «የአንድ ወር ልብ ወለድ» የሚባል ፉክክር ከተማውን ያዘው። ሕጉ ቀላል ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ አንድ ሙሉ ልብ ወለድ ጽፈህ ትጨርሳለህ። በቀን ሁለት ሺህ ቃል። የጻፉትን መልሶ ማንበብ አይፈቀድም፤ መሰረዝ አይፈቀድም፤ መጨረሻ የሌለው ጽሑፍ አይቆጠርም። ለጨረሰ ሁሉ መጽሐፉ በነጻ ይታተምለታል። ጋዜጣችን ስፖንሰር ስለነበረ ዋና አዘጋጁ ጠርቶ፣ «የሰው ልጅ ሁሉ ሲጽፍ የኛ ቤት ሰው ከሌለበት ሊሳቅብን ነው። አንቺ ደግሞ አንድ ነገር ካረገዝሽ ዓመታት አልፈዋል፤ ወይ ውለጂው ወይ ተዪው» አለኝ። ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ግን ነገሩ ውስጤ ገባ። ጡረታዬ እየቀረበ ነው፤ ምናልባት እውነቱን ነው አልኩ።

የምንጽፈው ከማዘጋጃ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ፎቅ ላይ ባለው አዳራሽ ነበር። ከሥራ ወጥተን እንሰበሰባለን። ግድግዳው ላይ ነጭ ሰሌዳ አለ፤ የእያንዳንዳችን ስም ተጽፎ ከጎኑ የቃላቱ ብዛት ይሞላል። አስተባባሪው ፈጣን፣ ደስ የሚል፣ ሲራመድ ራሱ የሚሮጥ የሚመስል ሰው ነው፤ «ቶሎ ቶሎ» የሚል ስም አወጣንለት። በወንበሮቹ መሃል እየዞረ፣ «አታስቡ! ጻፉ! ማሰብ የሚቀጥለው ወር ነው!» ይላል። የዕለቱን የሞላ ሰው ስሙ ይጠራና ይጨበጨብለታል። ያልሞላው አይወቀስም፤ ብቻ ሰሌዳው ላይ ቁጥሩ በቀይ ይጻፋል።

በጋዜጣ ቤት ዕድሜዬን ሙሉ የተከፈለኝ ቃል ለመቀነስ ነው። እዚያ ግን «ተነሣ» ማለት ሲበቃኝ «ከተቀመጠበት ወንበር ላይ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ቆመ» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው የባንክ ገንዘብ ከፋይ ከኔ ትብሳለች። ገጸ ባሕሪዋ ስልክ በደወለች ቁጥር የስልክ ቁጥሩን በፊደል ትጽፈዋለች። «ዜሮ ብቻዋን አንድ ቃል ናት እኮ፣ እህቴ!» አለችኝ። አብረን ሳቅን። በሦስተኛው ሳምንት ግን መሳቁን ተወች፤ የእጇ አንጓ አብጦ በፋሻ ጠቅልላው ትጽፍ ነበር።

ከፊት ለፊታችን ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር ነበሩ። ጽሑፋቸውን እንዳያነቡ የተባሉትን ሕግ አንድ ቀን ጣሱት። መነጽራቸውን አድርገው ያን ቀን የጻፉትን አነበቡ። ከዚያም ወረቀታቸውን አስተካክለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ለቶሎ ቶሎ፣ «ልጄ፣ አንድ ተማሪዬ ይህን ቢያመጣልኝ እንደገና ጻፈው ብዬ እመልስለት ነበር። አንተ እንደገና አትጻፈው ነው የምትለኝ» አሉት። እሱም፣ «ጋሼ፣ ዋናው መጨረስ ነው!» አላቸው። «ምኑን?» ብለው ጠየቁት። አጨበጨበላቸው። ከዚያ ወዲህ አልመጡም። በቅርቡ መንገድ ላይ አግኝቻቸው ይጽፉ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ከዚያ ወዲህ ብዕር ሳነሳ ያ ጭብጨባ ይሰማኛል» አሉኝ። ከዚያ በፊት ለራሳቸው ብቻ፣ ቀስ እያሉ፣ ደህና ነገር ይጽፉ እንደነበር የሚያውቁ ሰዎች ነግረውኛል።

እኔ ግን አልወጣሁም። ሰሌዳው ላይ ስሜ በቀይ ከተጻፈ የጋዜጣው ስም ነው በቀይ የሚጻፈው ብዬ አሰብኩ። እሁድ የጻፍኳቸውን ገጾች ይዤ ገብቼ ነበር፤ በመጀመሪያው ሳምንት አለቁ። ከዚያ በኋላ ከባዶ ነው የሄድኩት። በፍጥነት ስትጽፍ የምትፈጥረው ነገር የለም፤ ቅርብ ያለውን ታነሳለህ። የዳቦ ቤቱን ዝርዝር ማሰብ ጊዜ ስለወሰደብኝ እናቲቱን የእማዬ ቤት አስቀመጥኳት። የሰጠሁህን ስም ባስታወስኩ ቁጥር እጄ ስለሚቆም፣ ያንተን ስም መጻፍ ጀመርኩ። በሩንም ሰማያዊ አደረግሁት። ሲያልቅ እመለስና ሁሉንም እለውጠዋለሁ አልኩ።

በዚያ ወር እማዬ ምሽት ምሽት ብቻዋን ነበረች። ስገባ፣ «ቁጭ በይና እንጫወት» ስትለኝ፣ «ቆይ ቃሌን ልሙላ» እላታለሁ። አንድ ቀን፣ «የት ደረሰ?» አለች እንደ ድሮው በር ላይ ቆማ። «ሃያ ሁለት ሺህ» አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም። «መንገድ ላይ ነው» ማለቱን ረስቼው ነበር።

መጨረሻው ሳምንት ላይ መጨረሻ ያስፈልገኝ ነበር። አንተን አምጥቼ በሰማያዊው በር ማስገባት ሞከርኩ፤ ግን የሚመጣ ሰው ምን እንደሚል፣ እማዬ ምን እንደምትመልስለት ማሰብ አለብኝ፤ ለዚያ ደግሞ ብዙ እሁድ ያስፈልጋል። ሞት ግን ቀለለኝ። የኔ ገጽ ነው። የሆስፒታል ኮሪደር፣ ስሙን ከኪሱ ወረቀት ያነበበች ነርስ፣ በፕላስቲክ ከረጢት የታሰረ ልብስ፣ ተረከዙ የተበላ ጫማ። ስንቱን የአደጋ ዜና አርሜያለሁ! እጄ ሳይቆም አንድ ምዕራፍ ወጣ። የዕለቱን ከሁሉ ቀድሜ የሞላሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስሜ ተጠራ፤ ተጨበጨበልኝ፤ እኔም ተነሥቼ እጅ ነሣሁ።

አንድ ነገር ግን አድርጌ ነበር፤ ይህን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። በጋዜጣ ቤት ያልተረጋገጠ ነገር ስንጽፍ አጠገቡ በቅንፍ «ይጣራ» እንላለን። ያ ቃል ያለበት ዓረፍተ ነገር ካልተጣራ ማተሚያ ቤት አይገባም። የልማድ ነገር ሆኖ፣ በዚያ ምዕራፍ እያንዳንዱ አንቀጽ ሥር «ይጣራ» ብዬ ነበር። ለኔ ትርጉሙ፣ ይህ አልታወቀም፣ ተመልሼ እመጣበታለሁ ማለት ነው። የነሱ ኮምፒዩተር ደግሞ በቅንፍ ያለን ሁሉ «ቃል ማሳበጫ» ብሎ ይሰርዛል። የወሩ መጨረሻ ቀን ፋይሉን ተቀበሉን፤ ለእርማት የሚመለስ የለም፤ እንደወረደ ታተመ።

መጽሐፎቹ በታሰቡበት ቀን ሳይሆን ቀድመው ደረሱ። የፋብሪካ ቃጠሎ ስለነበረ እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ቤት ሳልገባ ሥራ ላይ ነበርኩ። ፓኬቱን እማዬ ተቀበለችው። ስሜን ሽፋኑ ላይ አየችና ደስ ብሏት ጎረቤታችን ወደሆነችው ጡረተኛ ነርስ ይዛው ሄደች፤ የእማዬ ዓይን ስለደከመ ነርሷ ናት ጋዜጣዬን የምታነብላት። በሁለት ቀን ውስጥ አንብባ ጨረሰችላት። ነርሷ በኋላ እንደነገረችኝ፣ መጨረሻው ምዕራፍ ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ቀንሳ ልትዘለው ሞክራ ነበር። እማዬ ግን፣ «አንብቢው፤ ልጄ የጻፈችውን አትደብቂኝ» አለቻት።

ስገባ ሳሎኑ ውስጥ ሰው ሞልቷል። እማዬ ጥቁር ለብሳ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ቀና ብላ አየችኝና እንዲህ አለች፤ «ለምን በአፍሽ አልነገርሽኝም? በወረቀት ነው ወይ የወንድምሽን መርዶ የምታረጂኝ?»

ይህ ነው መልሱ፣ ወንድሜ። ስታነበው ያለችው ይህንን ነው።

በጉልበቴ ተንበርክኬ ልብ ወለድ ነው፣ ፈጠራ ነው፣ እኔም አላውቅም አልኳት። ራሴን ዳበሰችኝ። «አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ መዋሸት አታውቂም። ያልሆነ ነገር ጽፈሽ አታውቂም። አሁን እኔን ለማዳን ነው» አለች። እዚያው ሳሎን ውስጥ ያሉት ሰዎችም በዓይናቸው ወቀሱኝ፤ እነሱም ያመኑት እሷን ነው። የነርሷ ባል፣ «እትዬ፣ ቢቸግርሽም ይህን ያህል ጊዜ ደብቀሽ መያዝሽ ጥሩ አይደለም» ብሎ ገሠጸኝ። የሆስፒታሉን ኮሪደር ቀለም ሳይቀር ጽፌዋለኋ። ማን ያላየውን እንዲህ ይጽፋል?

ማስተባበያ ላወጣ ፈለግሁ። ዋና አዘጋጁ፣ «ልብ ወለድን ማስተባበል? ልታስቂብን ነው?» አለኝ። ቢጨንቀኝ ቶሎ ቶሎን ለመንኩትና ቤት ድረስ ወሰድኩት፤ የፉክክሩ ሰው ራሱ ፈጠራ መሆኑን ይንገራት ብዬ። ለልቅሶ የመጣ መስሏቸው ለቀስተኞቹ ቦታ ለቀቁለት። ፊት ለፊቷ ቁጭ አለና እጇን ይዞ፣ «እማማ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! እንዲህ ያለ እውነተኛ መጽሐፍ በዘንድሮው ፉክክር አልተጻፈም። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው!» አላት። መጽሐፉን ማድነቁ ነበር። እማዬ አመሰገነችው። ደረጃው ላይ ያዝኩትና፣ «ምንድነው ያደረግከው?» አልኩት። «ምነው? ከዚህ በላይ ምን ልበል?» አለኝ፤ ከልቡ ግራ ገብቶት።

ከዚያ በኋላ እማዬ በር ላይ ቆማ፣ የት ደረሰ፣ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ኪኒኗን ከብርጭቆ ውሃ ጋር ሳቀርብላት ለጨዋነት ያህል ትቀበለኛለች፤ ከሶፋው ትራስ ሥር ግን አገኘዋለሁ። ተቆጣኋት። «ለማን ብዬ ልዋጠው?» አለችኝ፤ ሳትቆጣ፣ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው። ሐኪሙም ሊያባብላት ሞከረ፤ እሱን፣ «አንተ ልጅ ነህ፣ ድካምህን አታባክን» አለችው። ዝናቡ ሲጀምር እግሯ አበጠ። ዝናቡ ሳያባራ፣ ጡረተኛዋ ነርስ እኛ ቤት ማደር ጀመረች። ዝናቡ ካባራ ወዲህ እኔ ብቻዬን ነው የማድረው።

እሁድ ጠዋት አሁንም ጠረጴዛው ጋ እቀመጣለሁ። የድሮዎቹ ገጾች አሉ። ላስተካክላቸው ሞክሬያለሁ፤ ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ወዴት እንደሚሄድ ካወቀ በኋላ አይታዘዘኝም። ያኔ በዝግታ ስጽፍ ሳላውቅ የምጠብቀው ነገር ነበር፤ በዚያ ወር ቸኩዬ ጨረስኩት። ያለቀ ነገር እንደገና መጀመር እንዴት እንደሆነ አላውቅበትም።

ደብዳቤህ መምጣቱን ጋዜጣ ቤት ሁሉ ሰማ፤ በር ጠባቂው አላስቀረም። ቶሎ ቶሎም ደወለልኝ። «የሞተው ሰው መጽሐፉን አንብቦ ጻፈ! እንዲህ ያለ ታሪክ የት ይገኛል? በመክፈቻው ቀን መጥተሽ ብትነግሪልን» አለኝ። ዘንድሮም ሊጀምሩ ነው። «ስለ እናቴስ ምን ብዬ ልናገር?» አልኩት።  ስልኩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ለእማዬ ብለህ ለብቻዋ ያጠፍካትን ወረቀት አልከፈትኳትም ነበር፤ ያንተና የእሷ ጉዳይ ነው ብዬ። ባለፈው እሁድ ይዤላት ሄድኩ። ከሰማያዊው በር ወጥታለች፤ አሁን ያለችው ከከተማው ዳር፣ አውቶቡሱ የመጨረሻ ፌርማታውን አልፎ፣ ዳገቱ ላይ ጥዶች በተተከሉበት ነው። ነፋስ ነበረ። ቆሜ አነበብኩላት። «ባዶ እጄን ብመጣ ትቀበዪኛለሽ?» ያልክበት ቦታ ላይ ስደርስ ተመልሼ ከመጀመሪያው እንደገና አነበብኩላት። ከዚያ አጥፌ ድንጋይ ጫንኩበት።

አንድ ነገር ቀድሜ ልንገርህ፤ ድንገት ደርሰህ እንዳትደነግጥ። በመቃብሯ ድንጋይ ላይ፣ ከስሟ በላይ ያንተ ስም አለ። ራሷ ናት በእግሯ ሄዳ ያዘዘችው፣ ገና መራመድ ስትችል። «ገላው ባይገኝ ስሙ ከኔ ጋር ይሁን» ብላለች። ደብዳቤህ ከመጣ በኋላ ድንጋይ ጠራቢው ዘንድ ሄጄ እንዲያጠፉት ለመንኳቸው። ሽማግሌ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ እኔ መቅረጽ እንጂ መሰረዝ አላውቅም። ብፍቀውም ድንጋዩ ይጎደጉዳል፤ ያ ጉድጓድ ከስሙ የባሰ ይታያል» አሉኝ። ሰውዬው በሕይወት አለ አልኳቸው። መሮአቸውን አስቀመጡ። «እንግዲያ ባለ ስሙ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ፤ ያኔ አደርገዋለሁ» አሉ።

ስለዚህ ና፣ ወንድሜ። ፈቃድ ለማግኘት ከአለቃህ ጋር አትጣላ፤ ሥራህን አትልቀቅ፤ አትቸኩል። የሚያስቸኩል ነገር አልቀረም። ባዶ እጅህን ብትመጣም ግድ የለም። መጀመሪያ እኔ ጋ ና፤ አልጋህን አንጥፌልሃለሁ። ወደ እሷ አብረን እንወጣለን።

ዓይንህን ጠብቅ፤ ስትበይድ መከላከያውን አድርግ። ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ፤ በሄድክበት ሁሉ የሚያዝንልህ ሰው አያሳጣህ፤ ከምትሠራው ሁሉ የሚበጅህን አቆይቶ ያሳይህ። እሷ ብትሆን የምትለውን ነው ያልኩልህ፤ በእሷ ድምፅ ስማው።

እህትህ